73 ጊጋባይት ከየት መጣ? 87 ጊጋባይትስ የት ገባ?

ይህን ክር ከከፈትኩት ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ 27 ምላሾች ተሰጥተውበታል። አንዳንዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ጥቂቶቹም ከጉዳዩ ርቀው ሄደዋል። አዲስ የሚመጣ አንባቢ መልስ ፍለጋ ከላይ እስከ ታች እንዳይደክም በማሰብ፣ የመነሻ ጥያቄዬን እንደነበረ ትቼ ከሥሩ የተሰጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው በራሴ ቃል አስፍሬያለሁ። ያሳጠርኩትም ያስረዘምኩትም በራሴ ሚዛን ነውና፣ ሐሳቤ ተዛብቷል የሚል መላሽ ቢኖር ለማረም ዝግጁ ነኝ።

የመነሻ ጥያቄ

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሯችን አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ የደንበኞችን መዝገብ እንይዛለን፣ ደረሰኞቻቸውንም ስካን አድርገን እናስቀምጣለን። የኮምፒውተር ባለሙያ የለንም፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራው እኔ ስለሆንኩ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የመያዙም ኃላፊነት ቀስ በቀስ እኔው ላይ አርፏል። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተገዝቶልኝ ሁለት ነገር አደረግሁ። በመጀመሪያ በዲ ድራይቭ ላይ ያለውን የደንበኞች ፎልደር እንዳለ ኮፒ አደረግሁ፤ ቀጥሎም በአንድ የባክአፕ ፕሮግራም የሲ ድራይቭን ሙሉ ኢሜጅ፣ ማለትም ድራይቩን እንዳለ የሚያሽግ ቅጂ፣ ያዝኩ። ሥራው ሲያልቅ ቁጥሮቹን ባስተያይ አንዱም ከሌላው አልገጠመም። በዲ ድራይቭ ላይ 186 ጊጋባይት የነበረው ፎልደር በአዲሱ ዲስክ ላይ 259 ጊጋባይት ቦታ ይዟል። በሲ ድራይቭ ላይ የተያዘው ቦታ 148 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ የተወሰደው ኢሜጅ 61 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዲስኩ ራሱ ካርቶኑ ላይ 1 ቴራባይት ተብሎ ሲጻፍበት ዊንዶውስ የሚያሳየኝ 931 ጊጋባይት ነው። በእኛ ሙያ ዴቢትና ክሬዲት ካልተመጣጠነ ማታ ቤት አይገባም። በአንዱ በኩል የተጨመረው 73 ጊጋባይት ከየት መጣ? በሌላው በኩል የጎደለው 87 ጊጋባይትስ የት ገባ? ቫይረስ ይሆን ወይ ብዬ ስለሠጋሁ የምታውቁ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ።

ምላሾቹ

1ኛው ምላሽ በመልካም ሰላምታ የጀመረ ነበር፤ ያነሣውም ከጥያቄዎቼ ሁሉ ቀላሉን ነው። ዲስክ አምራቾች የሚቆጥሩት በአሥር ብዜት ስለሆነ 1 ቴራባይት 1,000,000,000,000 ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ግን አንዱን ጊጋባይት 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ስለሚቆጥር ያንኑ ዲስክ 931 ይለዋል። ለዚህኛው አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. ጊቢባይት የሚል የተለየ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ዊንዶውስ ግን እስከ ዛሬ ጊጋባይት እያለ ይጽፋል። የአፕል ኮምፒውተሮች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሥር ብዜቱ ስለዞሩ፣ የእኔው ዲስክ ማክ ላይ ቢሰካ 1 ቴራባይት ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ሁለት ሰው አንዱን ጣቃ በክንድና በሜትር ቢለካው ጣቃው አላጠረም፤ ይህን ከተረዳሁ በኋላ 931ን ከጭንቀቶቼ ዝርዝር ሰረዝኩት።

2ኛው መላሽ ቀልደኛ ናቸው፤ የጎደለውን 69 ጊጋባይት ነጋዴው እንደ በርበሬ ከሚዛን ላይ ቆንጥሮታል የሚል መንፈስ ያለው አንድ መስመር ጥለው አለፉ። 3ኛው ግን ቀልዱን ቁም ነገር አድርገው ያዙትና፣ አብዛኞቹ ባለ 1 ቴራባይት ዲስኮች 1,000,204,886,016 ባይት ስለሚይዙ አምራቹ እንዲያውም በትንሹ መርቆልኛል እንጂ አልሰረቀኝም ሲሉ አረሙ። ከዚህም አልፈው፣ አሁን ሳስበው በክሩ ውስጥ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ ቀድሞ መምጣት የነበረበትን ሰጡኝ፤ በሁለቱም ዲስኮች ላይ የፎልደሩን ፕሮፐርቲስ ከፍቼ ሳይዝ የሚለውን፣ ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚለውንና የፋይሎቹን ብዛት ሦስቱንም ለየብቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁ። የፋይሉ መጠንና ፋይሉ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ አንድ አይደሉምና፣ እነዚህ ሳይለዩ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው የሚል አቋም ነበራቸው።

4ኛው የእኔ ነው። ፕሮፐርቲስ ሲከፈት ቁጥሩ ወዲያው አይመጣም፤ እንደ ነዳጅ ማደያ ቆጣሪ እየተንከባለለ ይወጣል። የአዲሱ ዲስክ ቆጠራ እስኪቆም ሻዬን ጠጥቼ ጨርሻለሁ። ውጤቱ ይህ ነበር፦ በዲ ድራይቭ ላይ መጠኑ 186፣ የያዘው ቦታ 188 ጊጋባይት፤ በአዲሱ ዲስክ ላይ መጠኑ ያው 186፣ የያዘው ቦታ ግን 259 ጊጋባይት። የፋይሎቹ ብዛት በሁለቱም በኩል 640 ሺሕ ገደማ ነው። ዲ ድራይቭ የተፎረመተው በኤንቲኤፍኤስ፣ አዲሱ ዲስክ ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ በኤክስፋት መሆኑንም አከልኩ፤ ሁለቱም ዲስክ ላይ ፋይል የሚደራጅባቸው ሥርዓቶች ናቸው።

5ኛውን ምላሽ ለብቻው አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጸሐፊው የአንድ ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ናቸው፤ አንድም ትርፍ ቃል ሳይጠቀሙ 73 ጊጋባይቱን ወደ ኪሎባይት መነዘሩት፤ 76,546,048 ሆነ። ይህን ለ640,000 ፋይል ሲያካፍሉት ለእያንዳንዱ ፋይል 120 ኪሎባይት ያህል ባዶ ቦታ ደረሰው። ኤክስፋት ከ32 ጊጋባይት በላይ በሆነ ዲስክ ላይ ሲፎረመት፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ዲስኩን 128 ኪሎባይት በሆኑ ክላስተሮች ይከፋፍለዋል፤ ኤንቲኤፍኤስ ግን በተለመደው የዲስክ ስፋት በ4 ኪሎባይት ነው የሚከፋፍለው። አንድ ክላስተር ከአንድ ፋይል በላይ አያስተናግድም። እርሳቸው የሰጡት ምሳሌ የጆንያ ነው፤ አንድ ኪሎ ጤፍ ይዞ ለመጣ ሰውም የኩንታል ጆንያ ይሰጠዋል፤ በጆንያው ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ለሌላ ሰው ጤፍ አይሆንም። እንግዲህ በየፋይሉ 120 ኪሎባይት የሚባክን ከሆነ አብዛኞቹ ፋይሎቼ ከ10 ኪሎባይት በታች መሆን አለባቸው ብለው ፎልደሩን በዓይናቸው ሳያዩት ተነበዩ።

ትንቢቱ ልክ ነበር። ስካነራችን ለእያንዳንዱ የደረሰኝ ገጽ ከዋናው ሰነድ ሌላ አንድ የመግለጫ ፋይልና አንድ ጥፍር የምታህል ምስል ይሠራል፤ እኛ ግን ከፍተናቸው አናውቅም። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጬ አየሁት፤ 2,310 ባይት ነው። በዲ ድራይቭ ላይ 4,096 ባይት፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ 131,072 ባይት ቦታ ይዟል። በዚህች አንዲት ፋይል የ73 ጊጋባይቱ ነገር ተፈታልኝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሞቅ አለ። 6ኛው ምላሽ መፍትሔው ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ እንደገና ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው የሚል አጭር ምክር ነበር። 7ኛው በትሕትና አንድ ነገር አከሉበት፦ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም፤ ስለዚህ ዲስኩ በሁለቱም ላይ የሚሠራ ከሆነ ኤክስፋትን ሳይተዉ ፎርማት ሲደረግ አሎኬሽን ዩኒት ሳይዝ (የክላስተሩ መጠን ማለት ነው) በሚለው ሥር ትንሹን መምረጥ ይቻላል፤ አለበለዚያም ትናንሾቹን ፋይሎች በአንድ ዚፕ ማሸግ ቦታውን ያስመልሳል። 8ኛው መላሽ ግን 6ኛውን ሳይራሩ ወረዱባቸው። ሌላ ቅጂ መኖሩን ሳይጠይቅ ብቸኛውን የመጠባበቂያ ዲስክ ፎርማት አድርግ የሚል ሰው የሰው ንብረት ባይነካ ይሻላል እስከ ማለት ደረሱ። 9ኛው የ6ኛው ጸሐፊ ይቅርታ ነው፤ ዋናው ፋይል ዲ ድራይቭ ላይ አለ ብለው እንደገመቱ ገለጹ። በእኔ አስተያየት 8ኛው በነገሩ ትክክል ነበሩ፣ በአንደበታቸው ግን አልነበሩም፤ ያም ሆኖ ዲስኩን ፎርማት ያደረግሁት ሁለተኛ ዲስክ ተውሼ ቅጂውን እዚያ ካሳረፍኩ በኋላ ነው። በኤንቲኤፍኤስ መልሼ ስገለብጠው የያዘው ቦታ 188 ጊጋባይት ሆነ።

10ኛው መላሽ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ናቸው። የእርሳቸው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ የሁለት ሰዓት ቀረጻ ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ ሁልጊዜ 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል፤ ፍላሹ ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። ፍላሹ የተፎረመተበት የቆየው ሥርዓት፣ ፋት32፣ አንድን ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት በላይ ስለማይቀበል መሆኑን ያወቁት፣ በሙሽሮቹ ቤተሰብ ፊት ቪዲዮው ኬክ ሳይቆረስ ሲቋረጥ ነው። አንዳንድ የባክአፕ ፕሮግራሞች ይህን አውቀው ኢሜጁን ባለ 4 ጊጋባይት ቁርጥራጭ ያደርጉታል፤ ስለዚህ አንድ ይሆናል ብለን የጠበቅነው ፋይል አሥራ ምናምን ሆኖ ብናገኘው ቁርጥራጮቹን ሁሉ አብሮ ማስቀመጥ እንጂ ትርፍ መስለውን መሰረዝ የለብንም።

11ኛዋ መላሽ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ታሪካቸው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የስምንት ዓመት የተማሪ ውጤት ያለበትን ፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ በአንድ ትንፋሽ አለቀ፤ መጠኑም 3 ሜጋባይት አልሞላም። የገለበጡት ለካ ሾርትከት ቫይረሱ የሠራቸውን አቋራጮች ነው፤ እውነተኞቹ ፎልደሮች ፍላሹ ላይ ተደብቀው ነበር። ደግነቱ ፍላሹን አልሰረዙትም። 12ኛው መላሽ አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የመደበቂያና የሲስተም ምልክቶቹን ማንሣት እንደሚቻል፣ ከዚያ በፊት ግን ፍላሹን ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር ላይ መክፈት እንደሚያስፈልግ አስረዱ። 13ኛው ከዚህ ተነሥተው በርካሽ የሚሸጡ 2 ቴራባይት የተባሉ ፍላሾችን አነሡ፤ ውስጣቸው ያለው ማከማቻ ከተጻፈባቸው እጅግ ያነሰ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ግን 2 ቴራባይት ነኝ ብለው ይዋሻሉ፤ ቅጂውም በመጠን ከዋናው ጋር በባይት ይገጥማል፣ ሲከፈት ግን ከተወሰነ ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ አመድ ነው። ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ጽፈው መልሰው የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች ስላሉ አዲስ ፍላሽ ሳይፈተን ሰነድ አይሰጠው የሚለው ምክራቸው መልካም ነበር፤ ቀጥሎ የትኛው የገበያ ረድፍ ሌባ ነው ወደሚለው ሲገቡ ግን የመድረኩ አስተባባሪ በ14ኛው ምላሽ ወደ ጥያቄው እንድንመለስ አዘዙ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ወደ 87 ጊጋባይቱ የመለሱን የ15ኛው ምላሽ ጸሐፊ ናቸው። ኢሜጅ የሚይዙ ፕሮግራሞች ባዶውን ቦታ አይገለብጡም፤ ከተያዘውም ቢሆን ዊንዶውስ የማስታወሻ ማሟያ አድርጎ የሚይዘውን የፔጅ ፋይልና ኮምፒውተሩ ሲተኛ የሚጽፍበትን የሃይበርኔሽን ፋይል ይዘልላሉ፤ ሁለቱም ኮምፒውተሩ ሲነሣ እንደ አዲስ ይሠራሉና። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ተደምረው 22 ጊጋባይት ይዘዋል። የቀረው 126 ጊጋባይት ሲታመቅ ወደ 61 ወረደ ማለት ነው። ፕሮግራሞችና የፒችትሪ የሒሳብ ፋይሎች በደንብ ይታመቃሉ፤ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመው የሚይዙ ናቸውና። ፎቶና ቪዲዮ ቢሆኑ ኖሮ አስቀድመው የታመቁ ስለሆኑ ምንም ያህል ባልቀነሱ ነበር። ስለዚህ ቅጂው ጤናማ ነው ብለው ጉዳዩን ዘጉት፤ እኔም አመስግኜ በልቤ ዘግቼው ነበር።

16ኛው መላሽ ሊኑክስ ተጠቃሚ ናቸው፤ የሊኑክስ ተጠቃሚ መሆናቸውን ለመረዳትም ብዙ መጠበቅ አላስፈለገንም። ዲዲ በሚባለው ትእዛዝ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስካቸውን ሲገለብጡ፣ ያላቸው ሰነድ 90 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ቅጂው 500,107,862,016 ባይት ሆነ። ዲዲ የሚያየው ሴክተር የሚባሉትን የዲስኩን ቁርጥራጮች እንጂ ፋይል ስላልሆነ ባዶውንም አንድ በአንድ ይገለብጣል። ቅጂውን ቢያምቁትም ከ340 ጊጋባይት በታች አልወርድ አለ፤ ምክንያቱም የተሰረዘ ፋይል ስሙ ከዝርዝር ይፋቅ እንጂ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ይቀመጣል፤ የዓመታት ፊልም ተሰርዞ ሳለ አሁንም አብሮ ይገለበጣል። ባዶውን ቦታ በዜሮ ሞልተው ደግመው ሲያምቁት 50 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። 17ኛው ግን ይህ ለሚሽከረከር ዲስክ እንጂ የሚሽከረከር አካል ለሌለው ኤስኤስዲ አይመከርም ሲሉ አረሙ፤ ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው በዜሮ መሙላት ዲስኩን ያለ ጥቅም ያስረጀዋል። ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ዲስክ ኮምፒውተሩ ከፍላሽ ተነሥቶ ከውጭ ሲገለበጥም ሁሉም ነገር ትርጉም የለሽ ቁጥር መስሎ ስለሚታይ አንዲት ባይት እንኳ እንደማይታመቅ አከሉ፤ ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ከተያዘ ግን ተከፍቶ ስለሚነበብ እንደ ማንኛውም ዲስክ ይታመቃል።

18ኛው ምላሽ ሮቦኮፒ ስለሚባለው የዊንዶውስ የመገልበጫ ትእዛዝ ነበር። ጸሐፊው የአንድ ተጠቃሚን ፎልደር ሲገለብጡ 40 ጊጋባይት የነበረው ሌሊቱን ሙሉ ሲያድግ አድሮ ዲስኩን ሞላው። በዊንዶውስ ውስጥ ለድሮ ፕሮግራሞች ሲባል የተተዉ፣ ወደ ራሳቸው መልሰው የሚጠቁሙ ጃንክሽን የሚባሉ በሮች አሉ፤ ሮቦኮፒ በበሩ በገባ ቁጥር ያንኑ ፎልደር ከአዲስ ያገኘዋል፤ የፎልደሩ ስምም በመንገዱ ላይ አሥር ጊዜ ሃያ ጊዜ ተደራርቦ ይታያል። ጃንክሽኖችን እንዲዘል የሚያደርገውን ማዘዣ ማከል በቂ ነው።

19ኛውን ምላሽ በአማርኛ ለምንሠራ ሁሉ ስል ጠበቅ አድርጌ ላስፍረው። መላሹ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የሚያነሡ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ከዊንዶውስ ኮምፒውተራቸው በሊኑክስ ወደሚሠራ የጋራ ማከማቻ ሲገለብጡ፣ ቅጂው ከዋናው በብዙ ጊጋባይት አነሰ፤ ከሺዎቹ ፎቶዎች መካከል 214 አልሄዱም ነበር። ሁሉም ፋይሎች ስማቸው ረጅም ነው፤ የገዳሙን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ የቅጠሉን ቁጥርና ፎቶው የተነሣበትን ቀን በአንድነት በአማርኛ ይጽፋሉ። ዊንዶውስ በኤንቲኤፍኤስ ላይ እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል፤ የሊኑክሱ የፋይል ሥርዓት ኤክስት4 ግን የሚቆጥረው 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ አንድ ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚፈቀድለት ስም በአማርኛ 85 ላይ ያበቃል። ባለቤቱ ስሞቹን አሳጥረው፣ ዝርዝሩን በተለየ ሰንጠረዥ ጽፈው ችግራቸውን ፈቱ።

20ኛው መላሽ ይህን አላመኑም፤ ሆኖም በራሳቸው ኮምፒውተር 86 ጊዜ ሀ ጽፈው ሞክረው፣ በ85 እንደተቀበላቸው በ86 እንደከለከላቸው በታማኝነት ተመልሰው ተናገሩ። እንዲህ ያለ ተከራካሪ ይብዛልን። 21ኛው ከዚሁ ጋር አያይዘው፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የጽሑፍ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ሲለወጡ ለምን እንደሚያብጡ አስረዱ፤ የድሮዎቹ የአማርኛውን ፊደል በላቲን ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡት በባይት ያንሱ ነበር። ቀጥሎ የትኛው የድሮ ፎንት ውብ ነበር የሚል የናፍቆት ወግ ተነሣ፤ እርሱን ዘልዬዋለሁ፤ እኔም የራሴ ምርጫ ስላለኝ ብገባበት አልወጣም ነበር።

22ኛው ምላሽ ስለ ተከታታይ ቅጂ ነው። ከመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በኋላ የተለወጠውን ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም ያላቸው ሰው፣ በየሰኞው የሚያዘው ተጨማሪ ቅጂ ከሙሉው ጋር ለምን እንደሚስተካከል ጠይቀው ራሳቸው መልሰዋል። ኮምፒውተሩ እሑድ ሌሊት ዲፍራግ ይደረግ፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮች ይሰባሰቡ ነበር፤ ዲፍራግ የፋይሉን ይዘት ባይለውጥም ቦታውን ስለሚያዛውር፣ በብሎክ የሚቆጥረው ፕሮግራም ሁሉም ነገር አዲስ መስሎት መልሶ ይይዘዋል። በፋይል ለሚቆጥሩት ፕሮግራሞች ደግሞ ጠላታቸው ትልቅ ነጠላ ፋይል ነው፤ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ወይም የአውትሉክ ደብዳቤ ማኅደር አንዲት ባይት በተለወጠች ቁጥር ሙሉው ይገለበጣል።

23ኛዋ መላሽ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ እኅት ናቸው። 15ኛው ምላሽ ጉዳዩን መዝጋቱን እንዳልተቀበሉት በጨዋ ቋንቋ ከገለጹ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ በሲ ድራይቭ ላይ ካሉት ፋይሎች አጠገብ የሰማያዊ ደመና ምልክት ያለበት አለ ወይ? የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ የሆነው ዋንድራይቭ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ አስቀምጦ ኮምፒውተሩ ላይ ስሙንና መጠኑን ብቻ ሊተው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ፋይል በዝርዝር ውስጥ ሙሉ መስሎ ይታያል፣ ሳይዝ ኦን ዲስክ ግን ዜሮ ነው፤ ከተያዘው 148 ጊጋባይት ውስጥም አይቆጠርም። 24ኛው መላሽ ዜሮ ያየሁ ሁሉ እንዳልደነግጥ አስጠነቀቁ፤ ኤንቲኤፍኤስ ከ700 ባይት ገደማ በታች የሆኑ ትናንሽ ፋይሎችን በራሱ የመዝገብ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚያኖራቸው እነርሱም ዜሮ ቦታ እንደያዙ ሆነው ይታያሉ።

25ኛው የእኔ ነው፤ የጻፍኩትም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዶክዩመንትስ የሚለውን ፎልደር ፕሮፐርቲስ ስከፍት መጠኑ 44 ጊጋባይት፣ የያዘው ቦታ 13 ጊጋባይት ሆኖ አገኘሁት። ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. ያሉት የደንበኞች ስምምነቶችና የግብር ሰነዶች በሙሉ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ሰማያዊ ደመና ተደርቦባቸዋል። አንዱን ፒዲኤፍ በመዳፊት ሁለቴ ስነካው አልተከፈተም፤ የዚያን ዕለት ኢንተርኔታችን ተቋርጦ ነበር። የሠጋሁባቸው ሁለቱ ቁጥሮች፣ 73ቱም 87ቱም፣ ንጹሕ ነበሩ፤ ይህ 31 ጊጋባይት ግን በጥያቄዬ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ አካውንቱ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ በለቀቀች የሥራ ባልደረባችን ስም ነው።

26ኛው መላሽ ርኅራኄ አላበዙም። እስከ ዛሬ መጠባበቂያ አለኝ ስል የኖርኩት የስሞች ዝርዝር ይዤ እንደሆነ፣ የያዝኩት ቅጂ ተመልሶ ሳይከፈት ቅጂ ተብሎ እንደማይጠራ፣ ሦስት ሳምንት ስለ ክላስተር ስናወራ አንድም ፋይል መልሼ ለማውጣት አለመሞከሬ እንዳስገረማቸው ጻፉ። ስናደድ ቆይቼ ትክክል መሆናቸውን ተቀበልኩ። የፋይሎቹን ብዛትና ስም እንጂ ጊጋባይቱን እንዳላወዳድር፣ ለዚህም ሮቦኮፒን ምንም ሳይገለብጥ ልዩነቱን ብቻ እንዲዘረዝር ማዘዝ እንደሚቻል ነገሩኝ።

27ኛው ምላሽ ትናንት የጻፍኩት ነው። የቀድሞ ባልደረባችን ስልክ ተደውሎላት፣ እግዜር ይስጣትና፣ የይለፍ ቃሉን ራሷ መጥታ አስገባችልን። ሁሉንም ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቀሩ አዝዘን ሠላሳ አንዱን ጊጋባይት ለማውረድ ሦስት ሌሊት ፈጀ፤ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ እየጮኸ ዘበኛው ደውሎልኛል። አዲስ የተያዘው ኢሜጅ 90 ጊጋባይት ሆኗል፤ የተጨመሩት ስካኖች ስለሆኑ የመታመቅ ነገር አላሳዩም። ከእርሱ ላይ 20 ፒዲኤፍ በዘፈቀደ አውጥቼ ኢንተርኔቱ ተነቅሎ ሳለ ከፍቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ይነበባሉ። የዲ ድራይቩ ዝርዝር ሲወዳደር በዋናው 640,118፣ በቅጂው 640,111 ፋይል ተገኘ። ከጎደሉት ሰባት አምስቱ ሠራተኞች ኤክሴልና ወርድ ሲከፍቱ የሚፈጠሩ፣ በመዝጋት የሚጠፉ ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የአንድ ደንበኛ የ2013 ዓ.ም. ውሎች ናቸው፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየተከተተ መንገዳቸው ከ260 ፊደል አልፎ ነበር። የፎልደሮቹን ስም አሳጥሬ ዛሬ ጠዋት ገልብጫቸዋለሁ።